ይሄ ቲማቲም የማን ነው?

እኔ እስከ ዛሬ ድረስ የምበላው ቲማቲም የማን እንደሆነ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። አትሳቁ። እናንተ ገበያ ወጥታችሁ ትገዙና "የራሴ ነው" ትላላችሁ። በናዝሬት፣ በኛ ሰፈር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጓሮ ያለው ሁሉ ዘር ይሰጣል፣ ዘር ይቀበላል። ዘሩ ደግሞ የራሱ የሆነ ስም የለውም፤ በሰጣችሁ ሰው ስም ነው የሚጠራው። ከእትዬ አስካለ የተቀበለ ሰው "የአስካለ ጎመን" ይላል። እትዬ አስካለ ያንኑ ጎመን "የመምሬ ጎመን" ትላለች፤ ከመምሬ ነዋ የተቀበለችው። መምሬ ምን እንደሚሉት ደግሞ እግዜር ይወቅ። አንድ ጎመን በአንድ መንገድ ላይ በየአጥሩ ስሙን እየቀየረ ያልፋል። እኔ ጎመኑን ብሆን ኖሮ ማን ሲጠራኝ አቤት እንደምል ግራ ይገባኝ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ካኪ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ጊዜው የደርግ ነበርና ከካኪ ሌላ የሚሰፋ ነገር ነበረ ለማለትም ይከብዳል። ስለ ጓሮ ግን አትጠይቁኝ። ጓሮው የሚስቴ የወይንሸት ግዛት ነው። የኔ ድርሻ የበቀለውን መብላት ነው፤ እሱን ድርሻዬን ደግሞ አንድም ቀን አጓድዬ አላውቅም።

ከጓሮው ሁሉ የሚከበረው ቲማቲሙ ነበር። ከመንግሥት እርሻ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ፋብሪካ እንደሚሄደው እንቁላል መሳይ አይደለም። የኛው ጠፍጠፍ ያለ፣ ዙሪያውን እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተሸነሸነ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝና ሽንሽን አውቃለሁ፤ እንደዚያ እኩል አድርጌ ሸንሽኜ አላውቅም። ዘሩን ወይንሸት ይዛው የመጣችው ከአቦምሳ፣ ከእናቷ ከእማማ የሺ ጓሮ ነው። እማማ የሺ ደግሞ ከባላቸው ከጋሽ አለሙ። ጋሽ አለሙ ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ የለም። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እማማ የሺ በየዓመቱ እየዘሩ፣ በየዓመቱ ዘር እያስቀሩ ኖረዋል። ለሰው ሲሰጡ እንኳ "የኔ እንዳትሉት፣ የአለሙ ነው" እያሉ ነው። አቦምሳ ላይ "የአለሙ ቲማቲም" ሲባል ይሰማሉ፤ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። የባላቸው ስም ከቤት ውጭ የሚጠራው በዚያ ብቻ ነው የቀረው።

በነሐሴ ወር የወይንሸት እህት ወለደችና ወይንሸት አራስ ልትጠይቅ ወደ አቦምሳ ተነሳች። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለችና፣ "ዶሮዎቹን ውሃ አጠጣ፤ የእማማን ዘር አደራ" አለችኝ።

"የት ነው ያለው?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ይሄን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ያልጠየቅሁት የማውቅ ስለመሰለኝ ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ዘር የሞላበት ቆርቆሮ አለ፤ ዘር ሌላ የት ይቀመጣል? ያንን ቆርቆሮ አይጥ እንዳይደርስበት ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ፤ እርጥበት እንዳይነካው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ሰቀልኩት። ሥራ ላይ ስውል ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ደንበኛ ሲመጣ "እባክህ እሱን እንዳትነካብኝ" እላለሁ። ባንክ የሚጠብቅ ዘበኛ እንደኔ አይጠብቅም።

እዚህ መሃል ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ዞረ። ለአብዮት በዓል መንገድ ዳር ያለ ግድግዳና አጥር ሁሉ ኖራ ይቀባ ተባለ። "ያልቀባ ሰው ግን…" ይልና ድምፅ ማጉያው ወደሚቀጥለው መንገድ ይታጠፋል። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ የሰማ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ለመስማት ተከትሎ የሄደም የለም።

ወደ መንገድ የሚያየው የኛ ግድግዳ የማድ ቤታችን ጀርባ ነው። ኖራዬን በጥብጬ ቀረብ ብዬ ሳየው፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ግድግዳ አመድ አመድ በሚመስል፣ እፍኝ እፍኝ በሚያህል እድፍ ተለጣጥፎበታል። በጣም ገረመኝ። ወይንሸትን የመሰለች ንጹህ ሴት ይሄ እንዴት አመለጣት? ደግሞም አዘንኩላት፤ ቁመቷ አይደርስ ይሆናል አልኩ። በአሮጌ ቢላ አንድ በአንድ ፋቅሁት። ዶሮዎቹ የሚረግፈውን ከእግሬ ሥር እየተሻሙ ሲለቅሙ፣ ቀለባቸውንም በዚያው አቃለልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ኖራውን ደራርቤ ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር ከመንገዱ ሁሉ የኔ ግድግዳ በለጠ።

ወይንሸት ስትመለስ መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። ሻንጣዋን ልቀበላት ወጣሁ።

"ግድግዳው እንዴት ነው?" አልኳት፣ ሙገሳዬን እየጠበቅሁ።

"ዘሩስ?"

"ቆርቆሮው ውስጥ ነዋ! ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም።"

"ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ድንብላል ነው" አለችኝ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል። "የቲማቲም ዘር በአመድ ተለውሶ ግድግዳ ላይ ነው የሚለጠፈው። የማድ ቤቱ ሙቀት እንዲያደርቀው፣ ነቀዝ እንዳይደርስበት። ስንት ዓመት ስትበላ ይሄን አታውቅም?"

አላውቅም ነበር። ዶሮዎቹን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ እነሱም አዩኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትጮህብኝ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አቦምሳን በረዶ መትቶት የእማማ የሺ ቲማቲም ገና ጥሬ እንዳለ ረግፏል። ጎረቤቱም በሙሉ ወደ እንቁላል መሳዩ ዞሯል። እማማ የሺ "ግድ የለም፣ ልጄ ግድግዳ ላይ አለ" ብለው፣ ለእንቁጣጣሽ ናዝሬት መጥተው ዘራቸውን ሊወስዱ ተነስተዋል። የኛ ጓሮ ቲማቲምም ተለቅሞ አልቋል፤ ሌላ የቀረ የለም።

"ከሰጠሻቸው ሰዎች መልሰን እንቀበላ!" አልኳት።

"ድሮ ገበያ ላይ ለአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሰጥቻለሁ። መልኳንም አላስታውሰው። ደግሞስ እናቴ ከሌላ ሰው እጅ ተቀበለች ማለት በዚያች ሴትዮ ስም ልትጠራው ነው። ያባቴ ስም በዚሁ ቀረ ማለት ነው።"

ጋሽ አለሙን በሕይወታቸው ያገኘኋቸው ወይንሸትን ልጠይቅ ከሽማግሌዎች ጋር የሄድኩ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ጨው ያልነካው ቲማቲም ቆርሰው አጉርሰውኛል። እኚህን ሰው በገዛ እጄ፣ በኖራ፣ ደራርቤ ቀባኋቸው ማለት ነው? በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ፍለጋ ወጣሁ።

ሰው ግራ ሲገባው ጭንቅላቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ የያዝኩት ስሙን ነው። ሽንሽን ነው ወይ፣ ጠፍጣፋ ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ጨርሶ አልመጣልኝም። በየቤቱ እየገባሁ "የአለሙ ቲማቲም አላችሁ?" እላለሁ። "አለሙ የቱ? ባቡር ጣቢያ ያለው?" ይሉኛል። "የለም፣ የሞቱት" እላለሁ። ሰዎቹ ፊታቸውን ያጠቁሩና ነፍስ ይማር ብለው ይሸኙኛል። የማላውቃቸው ሰዎች እንድቀመጥ ወንበር አወጡልኝ።

የአጥር ጎረቤታችን አደ ፋጡማ ነገሬን በትዕግሥት ሰሙኝ።

"አካም ጂርታ፣ ግባ፣ ቁጭ በል። የአለሙ የሚባል እኔ ጋ የለም። የሙሉ ቲማቲም ግን አለኝ። ያ ረቢ፣ እንደሱ ያለ ቲማቲም የለም! ውሰድ፣ ውሰድ።"

የሙሉን አልፈልግም ማለት ነውር ስለሆነብኝ ተቀበልኩ። መጠቅለያ ስላልነበረ ከኪሴ የካኪ ብጣሽ አውጥቼ ቋጠርኩት። ሶደሬ ወርጄ ደግሞ አንድ ሰው "የኔን ከቀመስክ ሌላ አታምርህም" ብሎ በሌላ ብጣሽ የቋጠረልኝ ኋላ በርበሬ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የሽንኩርት ሻጮቹ አገር ደራ ነው አሉኝና የገበያ ቀን ጠብቄ ደራ ሄድኩ።

ደራ ላይ ብርቄ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ አገኘሁ። ጥያቄዬን ገና ሳልጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

"የአለሙ የሚባል ሰምቼም አላውቅ። የልብስ ሰፊው ቲማቲም ግን አለኝ። እሱን ከያዝክ ምን ጎደለህ?"

ይሄን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ቅናት። በናዝሬት ገበያ፣ ከኔ ሱቅ ማዶ፣ አንድ ሌላ ልብስ ሰፊ አለ። ደንበኞቼን ሲወስድብኝ የኖረ፣ ከቂሜ የተነሳ ስሙን እንኳ ጠይቄ የማላውቅ ሰው ነው። ለካስ ጓሮም አለው! ለካስ ቲማቲሙ እስከ ደራ ድረስ ስም አውጥቷል! እኔ ስንት ዓመት ስሰፋ በኔ ስም የተጠራ አንድ ሎሚ እንኳ የለም። "እሺ፣ ትንሽ ስጪኝ" አልኳት፣ እየመረረኝ። እሱንም በካኪ ቋጠርኩት። ብርቄም ሽንኩርቷን ናዝሬት ልታራግፍ ነበርና በአንድ አውቶቡስ ተጭነን መጣን።

መናኸሪያው በር ላይ የአብዮት ጥበቃው ኪሴን ዳበሰና የካኪ ቋጠሮዎቼን አንድ በአንድ አወጣ።

"ምንድነው?"

"የቲማቲም ዘር።"

"የማን ነው?"

"ይሄኛው የሙሉ ነው። ያኛው የልብስ ሰፊው።"

"አንተ ራስህ ልብስ ሰፊ አይደለህ እንዴ? ሱሪዬን የሰፋኸው አንተ አይደለህ?"

"ሌላ ልብስ ሰፊ ነው።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

"አላውቀውም።"

"ሙሉስ?"

"እሷንም አላውቃትም።"

"ታዲያ ከቤት ቤት ስትዞር የከረምከው ማንን ፍለጋ ነው?"

"አለሙን" አልኩ። "ግን ሞተዋል።"

አሁን ስናወራው ያስቃል። ያን ጊዜ ግን በካኪ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዞ፣ የሰጡትን ሰዎች አላውቃቸውም ማለት ምን ማለት እንደነበር በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ጥበቃው "እሷም አብራው ናት" ብሎ ብርቄን ከነሽንኩርቷ ነዳት። ቀበሌ ገባን።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለበዓሉ ካኪ እኔ ጋ ያሰፋ ሰው ነው። የወገቡን ልክ አውቃለሁ፤ ልቡን ግን ማን ያውቃል? ቋጠሮዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ጥበቃው የነገረውን ሰማ።

"ጓድ ልብስ ሰፊ፣" አለ በመጨረሻ፣ "እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው የሰጠውን ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም። ይሄ አሠራር ምን እንደሚመስል ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እኔ አውቃለሁ። ይሄን ሰንሰለት እስከ ራሱ እናወጣዋለን። ሁሉም ይምጣ። ግቢው ውስጥ ይሰለፍ። እያንዳንዱ ከሰጠው ሰው ኋላ ይቁም!"

አደ ፋጡማ ተጠሩ። እኔ ሁለት ሰጪ ስላለኝ ከማን ኋላ እንደምቆም ጠፋኝ። ከብርቄ ኋላ ስቆም ከአደ ፋጡማ ኋላ ይሉኛል፤ እዚያ ስሄድ ተመለስ ይሉኛል። ይሄን እያየ አንድ አላፊ አግዳሚ ዘንቢሉን ይዞ ከኋላዬ ቆመ።

"ስኳር መጣ እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

ሳልመልስለት ሌላ ሰው ከሱ ኋላ ቆመ። ቀበሌ ግቢ ውስጥ ሰልፍ ታይቶ ምን ሊጠየቅ? ብዙም ሳይቆይ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ወጣ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይሄ ሁሉ ሰው አለበት?" አለ።

"እሜቴ፣" አላቸው አደ ፋጡማን፣ "ማን ነው የሰጠዎት?"

"ሙሉ።"

"ሙሉ ማን?"

"ሙሉ ነዋ! ያንተዋ ሙሉ! ሚስትህን የማታውቅ ሆነህ ነው?"

ሊቀመንበሩ ኮሌታውን ነካ ነካ አደረገ። ደግነቱ ሰፋ አድርጌ ነበር የሰፋሁለት። ቤቱ ቅርብ ነውና ወይዘሮ ሙሉ ወሬውን ሰምታ ራሷ መጣች፤ ለማስረጃ ብላ ከጓሮዋ የቀጠፈችውን አንድ የበሰለ ቲማቲም በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች።

"ይሄ ነው እንግዲህ ጉዱ!" አለች ለባሏ። "ባለፈው ሁለተኛ ጨምሪልኝ ያልከው! ከብርቄ ነው የተቀበልኩት። እኔንም ልታስረኝ ነው?"

እሷ ከብርቄ ኋላ ሄዳ ቆመች፣ አደ ፋጡማ ከሷ ኋላ። ብርቄ የሰልፉ ራስ ሆነች።

"አንቺስ?" አላት ሊቀመንበሩ፣ ድምፁን ቀንሶ።

"ከልብስ ሰፊው ነው ያልኩ!"

"የትኛው ልብስ ሰፊ?"

"ስሙን ምን አውቄለት? ሚስቱ ናት የሰጠችኝ" ስትል፣ በበሩ በኩል ወይንሸት እየሮጠች ገባች። ተይዟል ሲሏት ነው የመጣችው። እናቷን ልትቀበል መናኸሪያ ሄዳ ኖሮ እማማ የሺ ከነመቋሚያቸው ይከተሏታል። ብርቄ ጣቷን ቀሰረች።

"ያቻትና! እሷ ናታ!"

ወይንሸትን አየኋት። ብርቄን አየሁ። የቀናሁበት ልብስ ሰፊ ማን እንደሆነ የገባኝ ከግቢው ሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው። ወይዘሮ ሙሉ የያዘችውን ቲማቲም ያኔ ገና አስተዋልኩት፤ ዙሪያውን ሽንሽን ነው።

ሊቀመንበሩ ሰልፉን ከራሱ እስከ ጭራው አየው። ስኳር ጠባቂዎቹን ካልቆጠርን፣ ራሱ ላይ ሚስቴ፣ ጭራው ላይ እኔ።

"ካንተ ቤት ወጥቶ፣ ሰፈሩን ዞሮ፣ ካንተ ኪስ ውስጥ ተገኘ" አለ። "ታዲያ ምን ጠፍቶህ ነው የምትፈልገው?"

"እኔም እሱን ነበር የምጠይቀዎት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ነገሩን እዚያ ላይ ቢተወው ይችል ነበር። ግን እስከ ራሱ ብሏልና ወደ ወይንሸት ዞረ። "አንቺስ ከማን?" እሷ መልስ ሳትሰጥ እማማ የሺ ሰው እየገፈተሩ ወደ ወይዘሮ ሙሉ ቀርበው ቲማቲሙን ከእጇ ወሰዱ። አገላበጡት፣ አሸተቱት።

"የአለሙ!" አሉ። "የአለሙ ቲማቲም!"

ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። "አለሙ! መጨረሻው ተገኘ! ይሄ ሰው የት ነው ያለው? ባስቸኳይ ይቅረብ!"

የምናውቀው አቀረቀርን። እማማ የሺ ግን አልደነገጡም። ቀና ብለው እንደ ልጃቸው አዩት።

"ካቀረብክልኝማ ምን ከፋኝ፣ ልጄ" አሉት። "እኔም በየማለዳው ጓሮው ላይ ቆሜ እጠራዋለሁ። እሺ አልል ብሎኝ ነው እንጂ።"

ሊቀመንበሩ ቆቡን አወለቀ። ቋጠሮዎቼንም ራሱ ሰብስቦ በሁለት እጁ ለእማማ የሺ ሰጣቸው። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሮ "ተበተኑ!" አለ።

"ስኳሩስ?" አለ ከኋላ ባለዘንቢሉ።

እቤት ስንደርስ ከግድግዳው ፊት ቆምኩ። መቼም ነገሩ መደበቂያ የለውም፤ አፌን ከፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር። እማማ የሺ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "አመድ አምጣ" አሉ። ቲማቲሙን እጃቸው ላይ አፍርጠው፣ በአመድ ለውሰው፣ ያን የለፋሁበትን ነጭ ግድግዳ በመዳፋቸው ይለጥፉበት ጀመር።

"ከሌላ ሰው እጅ ነው የተቀበልሽው አይሉሽም፣ እማዬ?" አለቻቸው ወይንሸት፣ ፈራ ተባ እያለች።

"ምን ተቀበልኩ? ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ እንጂ። እሱም ሲዞር መዋል ይወድ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደኋላ ራቅ ብለው አዩትና ወደኔ ዞሩ። "ነጭ ላይ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል! ደግ አደረግህ።"

በኖራ የቀባኋቸው ሰው ሚስት ሲመርቁኝ ልቤ ተነካ፤ ፊቴን ወደ ዶሮዎቹ አዞርኩ።

የበዓሉ ለት ጠዋት ሊቀመንበሩ በአዲሱ ካኪው፣ ጥበቃውን አስከትሎ፣ ግድግዳና አጥር ሊመለከት በመንገዳችን መጣ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። የኛ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከክዳኑ ሥር መዳፍ መዳፍ የሚያህል አመድ ተለጣጥፎበታል።

"ጓድ ልብስ ሰፊ፣ ይሄ ምንድነው?"

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"አለሙ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይቅረብ ብለው ነበር፤ ይኸው ቀርቧል።"

ጥበቃው አፉን ከፈተ። ሊቀመንበሩ ግን ግራና ቀኝ አየ፣ ክዳኑን ቀና ብሎ አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"የክዳኑን ጫፍ ትንሽ አስረዝመው" አለኝ። "ዝናብ እንዳያገኘው።"